ከበሩ ጀርባ የተሰማ ጭብጨባ

ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ መርሳ

ዛሬ በሬ ተንኳኳ። ጡረታ ወጥቼ መርሳ ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከውሃ ቆጣሪ አንባቢው በቀር ያንኳኳ ሰው አላስታውስም።

ሩት ትባላለች። የወልድያ ልጅ ናት፣ ዳንሰኛ። አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ሠርታ ተመልሳለች። በ1993 የጻፍኩትን «ሦስት ጊዜ» የተባለ ተውኔት ይዛ ነበር፤ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ፣ ዳር ዳሩ የጠቆረ። ደሴ ላይ አንድ ቀን ብቻ ነው የታየው። ተመልካቹ ሠላሳ አይሞላም ነበር።

«ጋሼ፣ ወደ ዳንስ ልለውጠው እፈልጋለሁ። ሙዚቃውንም እዚያው መድረክ ላይ ነው የሚጫወቱት።»

«ተውኔቱ እኮ አርባ አንድ ቃል ብቻ ነው» አልኳት።

«ለዚያ ነው የወደድኩት። ሌላው ሁሉ ባዶ ነው። ባዶው ውስጥ መግባት እችላለሁ።»

መድረኩ ላይ አንድ በር አለ። አንድ ሰው ጥቅል ይዞ ይመጣና መሬት ላይ ያኖረዋል። ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ በየመሀሉ «እኔ ነኝ» እያለ ይናገራል። መልስ የለም። በመጨረሻ ከበሩ ጀርባ ሁለት ጊዜ ይጨበጨባል። ዶሮ ከእህል ላይ እንደሚባረረው። ሰውየው ጥቅሉን አንስቶ ይሄዳል። አለቀ።

እሺ አልኳት። ስትወጣ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ቆሜ አየኋት።

ጥር 6

የመጀመሪያው ልምምድ። ቦታው ፍራፍሬ ይከማችበት የነበረ መጋዘን ነው፤ የማንጎ ሽታ ከግድግዳው አልወጣም። ሰውየውን የሚሠራው በረከት ነው፤ ወልድያ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር። ማሲንቆው የይታገሱ ነው። ይታገሱ የውርጌሳ ሰው ነው፤ ሠርግ ላይ ስለሚጫወት ዝምታ ሲበዛበት ይቁነጠነጣል።

«ጋሼ፣ ጥቅሉ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አለ በረከት።

«ምንም። የመድረክ ዕቃ ነው።»

«ክብደቱን ማወቅ አለብኝ። ሳነሳው ትከሻዬ መዋሸት የለበትም።»

«ቀላል ነው» አልኩ። «አንድ ኪሎ አይሞላም። ግን በሁለት እጅ ነው የሚያዘው፤ መሀሉ ላይ ሊሰበር የሚችል ነገር አለ።»

በረከት ሩትን አያት። ሩት ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ጥር 8

ገበያ ነው። የግራናም የሲሪንቃም ሰው ይወጣል። ግርግር ስለማልወድ ቤት ዋልኩ። ሽንኩርት አልቋል። ነገ።

ጥር 14

ከጥምቀት በኋላ ልምምድ ቀጠለ። ሩት ቃላቱን አንድ በአንድ እያወጣች ነው። ዛሬ ዘጠኝ ቃል ሄደ። ሠላሳ ዓመት ጋዜጣ ላይ የሰው ጽሑፍ ስቆርጥ እንዲህ እንደሚያም ማንም አልነገረኝም። ነግረውኝ ነበር። አልሰማሁም።

«እኔ ነኝ» የሚለውን ማሲንቆው ወስዶታል። ይታገሱ መጀመሪያ በትዝታ ሞከረው።

«አለቀሰ» አለች ሩት። «ማልቀስ የለበትም፤ በር ላይ ነው ያለው።»

«እንግዲያው አምባሰል ነው የሚሻለው» አለ ይታገሱ። «ትዝታ ለራሱ ነው የሚያወራ። አምባሰል ሰው ይጣራል።»

ሦስት ጊዜ ጎተተው። ሦስተኛው ላይ ወጥቼ ደጅ ቆምኩ። መጋዘኑ ውስጥ አየር የለም።

ጥር 19

ችግሩ የምታጨበጭበዋ ሴት ናት። እኔ ስጽፍ ከበሩ ጀርባ ነበረች፤ አትታይም። ዳንስ ግን አካል ይፈልጋል። ሩት ራሷ ናት የምትሠራት።

«ጋሼ፣ ሰውየው ሲያንኳኳ ሴትየዋ ውስጥ ምን እየሠራች ነው?»

«አላውቅም። ተውኔቱ አያሳይም።»

«እርስዎ ምን ይመስልዎታል?»

«አልፈልግህም እያለች ነው።»

«እሱ ስሜቷ ነው። እጇስ? እግሯስ?»

ዛሬ ሦስት ዓይነት ሞከረች። ፀጉሯን እያበጠረች። ጀርባዋን ሰጥታ። በሩን ተደግፋ፣ መቀርቀሪያውን ይዛ። ሦስቱም ውሸት ሆኑ። እሷም አወቀች።

ሲወጡ በረከት በሹክሹክታ «ሰውየው ራሱ ጋሼ ነው እኮ» ሲላት ሰማሁ። «ዝም በል፣ ይሰማል» አለችው።

ተውኔቱ ልብ ወለድ ነው። ይህን ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ጥር 21

በችኮላ። ወልድያ አዳራሽ ተገኘ። የካቲት 15፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። ማታ አይሆንም፤ ሰው ሳይመሽ ቤቱ መግባት አለበት። ዐቢይ ጾም በ17 ይገባል፣ ረመዳን በዚያው ሳምንት። ከ15 ካለፈ እስከ ፋሲካ መድረክ የለም። ከፋሲካ በኋላ መንገዱ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል። ለሙዚቃው የድቤ ከበሮ የሚመታ ጠፋ። ይታገሱ አንዲት የግራና ሴት አውቃለሁ አለ።

ከግራና ለምን? ሌላ ቦታ የለም እንዴ?

ጥር 27

የድቤዋ ሴት መጣች። ከድጃ ትባላለች። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል፤ ሠርግና መንዙማ ላይ የታወቀች ናት። ድቤዋን በሻሽ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋ ገባች።

ሩት በሩን ከሚወክለው የእንጨት መቃን ጀርባ ተቀመጠች። በረከት ሦስት ጊዜ መሬቱን በእግሩ መታ፤ ድቤው ተከተለው። ሩት ሁለት ጊዜ አጨበጨበች። በረከት ጥቅሉን አንስቶ ዞረ። ከድጃ መምታቷን አቆመች።

«ምነው? ወዴት ነው የሚሄደው?»

«አባረረችው እኮ፣ እትዬ ከድጃ» አለች ሩት።

«ማን? እየሰገደች አይደል እንዴ?»

ይታገሱ ሳቀ። «ክርስቲያን ትሁን እስላም ማን ነገረሽ?»

«እሷ ናት የነገረችኝ፣ በእጇ! ሰላት ላይ ያለች ሴት መናገር አትችል። ሰው ሲጠራት ታጨበጭባለች። አለሁ፣ ቆይ ማለቷ ነው። ወላሂ እኔ ራሴ ስንቴ አጨብጭቤያለሁ!» መዳፏን በሌላው እጇ ጀርባ ላይ ሁለት ጊዜ መታች። «ይኸው አሁን ጨርሳ ስትወጣ ሰውየው የለም። እንዴት ያለ ችኩል ነው በአሏህ!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከድጃም ዞረች። ፊቴን አየች።

«አንቱ ነዎት የጻፉት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ስትወጣ ምን ሆነች?»

«ተውኔቱ እዚያ ላይ ያበቃል።»

«ለሰውየው ነው ያበቃው» አለች። «ለሷማ መጀመሩ ነው።»

ጥር 28

አሞኛል ብዬ ላክሁ። አላመመኝም።

የካቲት 1

ከአንድ ምንጭ የተገኘ ወሬ አላትምም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ሁለተኛ ምንጭ ፈለግሁ። ለሕፃናት ቁርኣን የሚያስተምሩትን ኡስታዝ ሙሄዲንን በራቸው ላይ አገኘኋቸው።

«ወንድ ከሆነ ሱብሃነላህ ይላል፤ ሴት ታጨበጭባለች። ልክ ነው» አሉ። «ለጋዜጣ ነው?»

«ጋዜጣ ትቻለሁ።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለዎት? ልብስዎን እንኳን ገልብጠው ነው የለበሱት።»

እውነታቸውን ነበር። ሹራቤ ተገልብጧል።

ቤት ገብቼ የድሮ የሪፖርተር ደብተሮቼን አወረድኩ። ሚያዝያ 13 ቀን 1991። በእኔ እጅ፣ በእርሳስ፦ «ግራና። 9፡40። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ጭብጨባ ሁለት። ተመለስኩ።» ሌላ ምንም አልጻፍኩም። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ የዐስር ሰላት ጊዜ ነው። ሰዓቱን በትክክል መዝግቤ ምን ሰዓት እንደሆነ አላወቅሁም።

እንግዲህ በቅደም ተከተል ይጻፍ።

እናቴ በሚያዝያ 11 ተቀበረች። ከአዲስ አበባ የደረስኩት ለቀብሩ ነው። ታናሽ እህቴ ፋንቱ ከዚያ በፊት በሦስት ዓመት ግራና ውስጥ ጀብሪል የሚባል ነጋዴ አግብታ ሰልማለች፤ ስሟም ዘይነባ ሆኗል። ይህ በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። አጎታችንም ከሰለመ በኋላ በየፋሲካው እየመጣ ይጫወት ነበር፤ እናቴ ለሱ ለብቻ በእስላም እጅ ዶሮ ታስባርክለት ነበር። እኔን ያስቆጣኝ ሃይማኖቱ አይደለም እል ነበር። ሳታማክረኝ ነው እል ነበር። ሠርጉ ላይ አልተገኘሁም። ለጻፈችልኝ ሁለት ደብዳቤ አልመለስኩም።

እናታችን ስትሞት ለፋንቱ አልተነገራትም።

«አልተነገራትም» ብዬ የጻፍኩትን አሁን አየሁት። ሪፖርተር እንዲህ ጽፎ ሲያመጣልኝ ወረቀቱን እመልስለት ነበር። ማን ነው ያልነገራት? ባለቤቱን ጻፍ እለው ነበር።

እኔ ነኝ። መልእክተኛ ሊላክ ሲል ተዉት ያልኩት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ራሴ ሄድኩ። እናቴ ለፋንቱ ስጥልኝ ያለችውን ይዤ ነበር። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ከላይ ተጽፏል።

የካቲት 5

ሩት ጥያቄውን ደፍራ አነሳችው። «ጋሼ፣ መጨረሻውን እንቀይረው? ሰውየው ይቆይ።»

«የተጻፈው ተጽፏል።»

«ስህተት ከሆነስ? ጋዜጣ ላይ እርማት ታወጡ የለም?»

«እርማት የሚወጣው በማግስቱ ነው» አልኳት። «ሃያ ስድስት ዓመት ካለፈ በኋላ የሚወጣ እርማት የለም።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ይታገሱ ማሲንቆውን አስቀመጠ። ስንት ዓመት እንዳልኩ ያስተዋለችው ከድጃ ብቻ ናት መሰለኝ። ተውኔቱ የተጻፈ ሃያ አራት ዓመቱ ነው።

ኋላ ከድጃ ሩትን ለብቻዋ ስታስተምራት ሰማሁ። «ሰላቱን ራሱን መድረክ ላይ አታድርጊው፤ አይሆንም። ራስሽን ሸፍነሽ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረሽ፣ ዝም ያልሽ ሰው ሁኚ። ይበቃል።» ሩት እንዳለቻት ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሩ ጀርባ እውነተኛ ሰው ያለ መሰለ።

ከድጃ ወደ በረከትም ዞራ ነበር። «አንተም ‘እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ’ ትላለህ። ይሄ መልስ ነው? እኔ ያልሆነ ማን አለ? በር ላይ የቆመ ሰው ስሙን ነው የሚናገር።»

«አልናገርም፣ ማሲንቆው ነው የሚናገረው» አለ በረከት።

«ማሲንቆውም ስም የለው» አለች።

የካቲት 9

ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ሳብኩ፤ ያ ጥቅል ውስጡ ነው። የእናቴ እንዝርት። ግማሽ የተጠቀለለ ፈትል፣ ጥቂት ባዘቶ። ለፋንቱ ጋቢ ልትፈትል ጀምራ ነበር። ባዘቶው ወይቧል። ፈትሉ አልተበጠሰም። መልሼ ጠቀለልኩት።

መብራት የለም። የጎረቤቶቼ ሳቅ በግድግዳው ይሰማል። ስለ ምን እንደሚስቁ ለመስማት ጆሮዬን አስጠግቼ ራሴን አገኘሁት።

የካቲት 12

የመጨረሻው ልምምድ። ሩት በሁሉም ፊት ጠየቀችኝ፤ «ጋሼ፣ ባለቤቱ እርስዎ ነዎት። ይሂድ ወይስ ይቆይ?»

«እንደተጻፈው ይሁን።»

«እሺ» አለች። አልተከራከረችኝም። ብትከራከረኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰውየው ከቆየ ምን ይሆናል? መቆየት ይቻል ነበር ማለት ይሆናል። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይበቃ ነበር ማለት ይሆናል። ይህን በሰው ፊት ማየት አልችልም።

የካቲት 15፣ ወልድያ

አዳራሹ ግማሹ ሞላ። ቆጠርኩ፤ መቶ አሥራ ሰባት ሰው። እናቶች ከኋላ ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ የዳንሰኞቹ ዘመዶች ናቸው። እኔ ዳር ላይ፣ ከበሩ አጠገብ።

ከአርባ አንዱ ቃል አንድም በአፍ አልተነገረም። በረከት ጥቅሉን በሁለት እጁ ይዞ ገብቶ መሬት ላይ አኖረው። እግሩ አንኳኳ፣ ድቤው አንኳኳ። ማሲንቆው በአምባሰል ተጣራ። ከመቃኑ ጀርባ ሩት ራሷን ሸፍና፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞራ ነበር። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ሩት ሁለት ጊዜ አጨበጨበች፤ ከድጃ እንዳሳየቻት፣ በእጅ ጀርባ ላይ።

በረከት ጥቅሉን አንስቶ ዞረ። እንደተጻፈው።

ከኋላ አንዲት አሮጊት ተነሡ። «ቆይ አንተ! እየሰገደች ነው!»

አዳራሹ ሳቀ። ሌላዋ ጨመሩ፤ «ቁጭ በል ልጄ፣ ትጨርስልህ! ምን ያስቸኩልሃል?»

«አውቶቡስ እንዳያመልጠው ነው!» አለ አንድ ጎረምሳ፤ እናቶቹ ዝም በል አሉት።

በረከት አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። ወደ እኔ አየ። ባለቤቱ እኔ ነበርኩ። አንገቴን መነቅነቅ እችል ነበር፤ ወዲያም ወዲህም። ምንም አላደረግሁም።

ከድጃ ድቤውን በጣቶቿ ጫፍ ብቻ መምታት ጀመረች፤ የሚሰማና የማይሰማ። ይታገሱ ተከተላት። በረከት ጥቅሉን ቀስ ብሎ መልሶ መሬት ላይ አኖረና አጠገቡ ተቀመጠ። ሩት አልቸኮለችም። የጀመረችውን ጨረሰች፣ ተነሣች፣ መጥታ እጇን መቃኑ ላይ አደረገች። እዚያ ላይ ቆመች። በረከት ከተቀመጠ ወዲህ ያለው የተለማመዱት አልነበረም።

ሰው አጨበጨበ። እኔ እጄን ማንሳት አልቻልኩም።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከድጃ አጠገቤ ተቀመጠች። ሲሪንቃን ስናልፍ ወደ እኔ ዞረች።

«ዘይነባ ጎረቤቴ ናት» አለች።

«ወንድሟ መሆኔን መቼ አወቅሽ?»

«መጋዘኑ ውስጥ፤ ሳጨበጭብ ፊትዎ ሲቀየር። አፍንጫችሁም አንድ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝማ። ጋዜጠኛ ነበርኩ ይላሉ፣ አይጠይቁም።»

ጠየቅሁ። ደህና ናት? ደህና ናት። ጀብሪል ከሞተ አራት ዓመቱ። ልጆቿ ደሴ ናቸው። ጉልበቷን ስለሚያማት ተቀምጣ ነው የምትሰግደው። ያን ቀን ስትወጣ ማንም አልነበረም፤ ጥቅል የያዘ ሰው መጥቶ ሄደ ያላት የጎረቤት ልጅ ነው። የእናቷን መሞት በማግስቱ ገበያ ላይ ሰማች።

«መርሳ ስትወጣ በእርስዎ ሰፈር በኩል አትመጣም» አለች ከድጃ። «ለምን ስላት ‘ሊያገኘኝ ቢፈልግ ያኔ ይጠብቀኝ ነበር’ ነው የምትል።»

የካቲት 19

አልሄድኩም። ጾም ነው አልኩ።

የካቲት 22

ረመዳን ገባ። አልሄድኩም። ገበያ ግን ወጣሁ። ሽንኩርት ተራ ቆሜ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ አየሁ። አልመጣችም። ሽንኩርት ሳልገዛ ተመለስኩ።

የካቲት 25፣ ግራና

ይህን የምጽፈው ደጃፏ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ጥቅሉ ጉልበቴ ላይ ነው።

ከዐስር በፊት ለመድረስ ነበር ያሰብኩት። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጎማው ተነፈሰና መንገድ ላይ ቆየን። ስደርስ 9፡50 ሆኗል። በሩ ያኔ እንጨት ነበር፤ አሁን ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው። አንኳኳሁ። ደገምኩ። ሠለስኩ። ከውስጥ ሁለት ጊዜ ተጨበጨበ።

እግሬ ዞሮ ነበር። ይህን አልክድም። ሁሉን እያወቅሁም እግሬ ወደ መንገዱ ዞረ። ከዚያ ነው ድንጋዩን ያየሁት።

9፡54። ምንም ድምፅ የለም። አንዲት ጎረቤት በአጥር በኩል አየችኝ፣ ሰላም አለችኝ፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እዚህ መቀመጤ የሚያስገርም ነገር የለውም።

9፡58። ለምን ዘገየች አልልም። እኔ ነኝ የዘገየሁት።

10፡01። ሳል። የእናቴ ሳል ነው። ነጠላ ጫማ ይጎተታል፤ አንዱ እግር ከሌላው ይከብዳል። ወደዚህ ነው የሚመጣው።

ማነው ትላለች። እኔ ነኝ አልልም።

ካሳሁን ነኝ፣ ወንድምሽ።